አምስት ደቂቃ በርቶ የሚጠፋው ኮምፒውተርና የጋሼ በላቸው ዓይን

ይድረስ በጅዳ ለምትኖሪው፣ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለገላነሽ።

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ያመኛል ያልሽው ጉልበትሽ ሻል አለሽ ወይ? በአሠሪዎችሽ የጾም ወር ሥራ እንደሚበዛብሽ እዚያው ጅዳ ያለችው ሰአዳ አጫውታናለች፤ አሁን ኢዱ አልፎ ትንሽ አረፍ ብለሽ ይሆናል ብዬ እጽናናለሁ። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ዳርቻው እንደማይታይ ሁሉ ናፍቆታችንም ዳርቻ የለውም። እናታችን ደህና ናት። ልጅሽ ሰገንም ደህና ናት፤ በግማሽ ዓመቱ ፈተና ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች። ላሟ ወልዳለች። እስከዚህ የጻፍኩት ደህናውን ነው፤ ደህና ያልሆነውን ደግሞ አሁን እጽፋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ላሟ አውርቼ ዘጋሁት። ባልሽን ጋሼ በላቸውን በሬ አልወጋውም። የመታሁት እኔ ነኝ። ዓይኑ ትንሽ ተጎድቷል መባሉም ልክ አይደለም፤ የግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ነበር፣ አልተረፈም። አሁን ቁጭ በይ። ብትረግሚኝም እየረገምሽኝ እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ መጨረሻው ላይ ካንቺ የሚጠበቅ ነገር አለ።

መነሻው ሰአዳ ለእረፍት ስትመጣ በእጇ የላክሽው ዕቃ ነው፤ ጥፋቱ ግን የዕቃውም ያንቺም አይደለም። ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ፣ አንጎሉ የሆነውን ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪውንና ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረውን ባለብረት ማቀዝቀዣ ፋን ከነካርቶናቸው ተረክቤያለሁ። ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ ስለሚከብዱ ከዚሁ ይገዙ ብለሽ ለጋሼ በላቸው አደራ ሰጥተሽው ነበር። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ አካል ሁሉ የሚያከፋፍል፣ እንደ ጡብ የሚከብድ የብረት ሳጥን ነው። ጋሼ በላቸው የሩዝ አጨዳውን እንደጨረሰ ባሕር ዳር ሄዶ ሁለቱንም ገዝቶ መጣ። ሳጥኑ በካርቶኑ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ግን በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ ነው የደረሰኝ። ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

ጥር አምስት ቀን፣ ወረታ መናኸሪያው ፊት ለፊት ለኮምፒውተር ቤት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩን ገጠምኩት። እጄን ታጥቤ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጠላ አንጥፌ፣ አንዲት ጭረት ሳላሳርፍበት ነው የገጠምኩት። ስጫነው በራ። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። እናታችን እልል አለች። አምስት ደቂቃ ያህል ቆየና ድርግም አለ።

መጀመሪያ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር፤ አምፖሉ ግን እንደበራ ነው። መልሼ ስጫነው ተነሣ፣ ደቂቃም ሳይሞላ ጠፋ። ሶኬት ቀየርኩ። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ተውሼ አስገባሁ። ሚሞሪውን አውጥቼ ጥርሱን በላጲስ አሽቼ መለስኩት። ሙቀት ይሆን ብዬም የማቀዝቀዣውን ብረት ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እንግዲያው ሙቀት አይደለም ብዬ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ አስተዋልኩ፤ ካሳረፍኩት ትንሽ ይቆያል፣ ወዲያው ካስነሣሁት ግን ወዲያው ይጠፋል። ይህን ያገለገለ ዕቃ ድካም ነው ብዬ ፈረድኩ። በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን በጥፊ እየመታሁት ነበር። ጸባዬን ታውቂዋለሽ፤ ገበጣ ስትረቺኝ ጠጠሩን ሰብስቤ ጉድጓድ እከት የነበርኩ ሰው ነኝ። ደግሞ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ኮንትራትሽ ሲያልቅ ጠቅልለሽ ትመጫለሽ ተባብለን አልነበር? ያ ማሽን በጠፋ ቁጥር ሌላ ሁለት ዓመት የተፈረደብሽ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምለው ምክንያት ፍለጋ አይደለም፤ እንደዚያ ስለነበር ነው።

ከበላቸው በፊት የተጣላሁት ከሐጂ አብዱልአሊም ጋር ነው። ታስታውሻቸዋለሽ፣ የሰአዳ ወንድም፣ ከክፍላችን ጎን ሩዝ መፈልፈያ ያላቸው። ወፍጮው ሲነሣ የኛ አምፖል ይደበዝዛል። እንግዲያው መብራቱን የሚበላብኝ ይኼ ነው ብዬ፣ ሰው ወረፋ ይዞ፣ ሩዝ እየወረደ ሳለ ገብቼ የወፍጮውን ማብሪያ ቁልቁል ስቤ አጠፋሁት። የቁሐር ሚካኤል ገበሬዎች ሊደበድቡኝ ተነሡ። ሐጂ ከለከሏቸውና "እሽ ሰውመሆን፣ ወፍጮየ ቁሟል፤ ሂድና ያንተን አስነሣ" አሉኝ። ሄጄ አስነሣሁ። ወፍጮው ቆሞ፣ ገበሬው ሁሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ በአምስተኛው ደቂቃ ጠፋ። የሳቁትን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ። ሐጂ አልሳቁም፤ ተመልሰው ወፍጯቸውን አስነሡ።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ጥርጣሬ አንድ ብቻ ነበር። ካርቶን የሌለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ጋሼ በላቸውን ካርቶኑ የት ሄደ ብዬ በስልክ ስጠይቀው "ተቀደደ" ብሎ ወሬ ቀየረብኝ። በዚያው ሳምንት እሱ አንበሳሜ ገበያ ላይ ሰው ጠጅ ሲጋብዝ ታይቷል የሚል ወሬ ደግሞ ሰማሁ። ማን እንዳየው አልጠየቅኩም። ያገለገለ ገዝቶ በተረፈው ጠጣበት ብዬ በልቤ ፈርጄ ጨረስኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ያለው ነው። አራት ቀን ሙሉ ሌብነቱን በአእምሮዬ ሳበስል፣ እሱ ሩዙን ሲወቃ ነበር።

ጥር አሥራ ሦስት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰገንን ይዞ ከሚኖሩበት ከቁሐር መጣ። ለጥምቀት የገዛላትን ቀሚስ ለብሳለች። እሱ በደስታ ፊቱ በርቶ "እህ፣ ተከፈተ ወይ? እስኪ እንየው" አለ። እኔ ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ አውጥቼ ገመዶቹን እጄ ላይ ጠምጥሜ ነበር። ካርቶኑን አምጣ አልኩት። ዓይኑን ሰበር አድርጎ ተቀደደ አልኩህ እኮ አለኝ። ሌባ አልኩት። የእህቴን ላብ ጠጅ ጠጣህበት አልኩት። "አንተ ሰውመሆን፣ አፍህን ሰብስብ፣ ልጅቷ ትሰማለች" ብቻ ነው ያለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ ያ ይበልጥ አነደደኝ።

ገመዱን እንደያዝኩ አሽከርክሬ ለቀቅኩበት። የብረቱ ማዕዘን ግራ ቅንድቡ ሥር ገባ። ድምፁን ልነግርሽ አልችልም። አልወደቀም፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል ወርዶ ነጠላውንና ኪቦርዱን አለበሰው። ሰገን ጮኸች። እትዬ፣ እዚህ ላይ ማንም ያልነገረሽን፣ እሱም ለሽማግሌ ያልተናገረውን ልንገርሽ። ከተቀመጠ በኋላ ደግሜ መታሁት። የመጀመሪያውን ንዴት ነው ልል እችላለሁ። ሁለተኛውን ምን እንደምለው አላውቅም። ትከሻው ላይ አረፈ፤ እጁን ከዓይኑ ላይ ስላላነሣ ሊከላከል እንኳ አልቻለም።

ሐጂ አብዱልአሊም የሩዝ ብናኝ እንደለበሱ ሮጠው ገቡ። በዚያ እድሜያቸው ማጅራቴን ይዘው ከግድግዳው ጋር አጣበቁኝ፣ ጥርሴ ከንፈሬን ቀደደው። ከዚያ የበላቸውን ፊት በራሳቸው ሽርጥ አስረው ባጃጅ ውስጥ አስገቡት፤ ሰገንን በሌላ እጃቸው አቅፈው ሄዱ። ሐኪሞቹም ያኑ ዕለት ከሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ላኩት።

እኔስ ምን አደረግኩ ትያለሽ? ተከትዬው መሄድ ሲገባኝ ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ሌባ መሆኑን ላረጋግጥ ፈለግኩ። የሐጂ ልጅ ቱርኪያ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግንባት ሱቅ ሄጄ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ተዋስኩና ገጠምኩት። በራ። ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። በአምስተኛው ደቂቃ ድርግም አለ። እንግዲያው ጋሼ በላቸው የገዛው ደህና ነበር።

ቱርኪያ የሆነውን ሰምታ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። የሰው ደም መሬት ላይ ሳይደርቅ ማሽን ትፈትሻለህ ወይ አለችኝ። ልትፈታው ጎንበስ ስትል የማቀዝቀዣውን ብረት ነካችና ቆም አለች። እንደገና አስነሥታ ነካችው። "ይኼ መሞቅ ነበረበት እኮ" አለች። አራቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈትታ ብረቱን ገለበጠችው። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ ሳትልጡ አትግጠሙ የሚል ቀይ ጽሑፍ አለበት። ሙቀቱ ላስቲኩን አልፎ ወደ ብረቱ ስለማይደርስ፣ ፕሮሰሰሩ ከታች ይፋጃል፤ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን በራሱ ያጠፋል። ነገሩ ይኼው ነው።

ላስቲኩን አላየሁትም ብል ይቀለኝ ነበር። አይቼዋለሁ። ጽሑፉንም አይቼዋለሁ፤ ሱቅ ውስጥ ለማሳመር የሚለጠፍ መስሎኝ እንጂ አላነበብኩትም። አውቄ ነው የተውኩት። በኛ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ መቼ ተልጦ ያውቃል? የእናታችን ሶፋ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ስንቀመጥበት ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። አንቺ የላክሽው ቴሌቪዥን ጠርዙ ላይ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ያንቺ ዕቃ አዲስነቱ እንዳይለቅ፣ ስትመጪ ልክ እንደላክሽው እንድታገኚው ብዬ ነው የተውኩት። ቱርኪያ በጥፍሯ ይዛ ላጠችው፣ ሙቀት የሚያሳልፈውን ነጭ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች፣ መልሳ አሰረችው። ማሽኑ በራ። አንድ ሰዓት ቆየ፣ ሁለት ሰዓት ቆየ። ማንም አልተቀመጠበትም። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የባልሽን ደም በውሃ እየፈገፈግኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጋሼ በላቸው ታናሽ ወንድም የኋላሸት ሦስት ሰው አስከትሎ ከቁሐር መጣ። መሸሽ እችል ነበር፤ አልሸሸሁም። የመጀመሪያው ዱላ ግራ ክንዴን ሰበረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎኔን ነው፤ ሁለት አጥንቴ ተሰነጠቀ። መስተዋቱን፣ ወንበሩን፣ በሩን፣ ሁሉንም አደቀቁት። ከዚያ ሁለቱ እጅና እግሬን ይዘው የኋላሸት ደረቴ ላይ በጉልበቱ ተንበረከከና አውራ ጣቱን ግራ ዓይኔ ላይ አደረገ። ተጫነኝ። እየጮህኩ ነበር ሲሉኝ ነው የማውቀው። ሐጂ አብዱልአሊም ስልክ ይዘው በሩ ላይ ደረሱ፤ ጋሼ በላቸውን አልጋው ላይ እንዳለ ደውለው አግኝተውታል። ስልኩን የኋላሸት ጆሮ ላይ ለጠፉት። ቅርብ ስለነበርኩ እኔም ሰማሁት። "ዓይኑን ብትነካ ወንድሜ አይደለህም። ገላነሽ ያላት አንድ ወንድም ነው" አለው። የኋላሸት ጣቱን አነሣ፣ ፊቴ ላይ ተፋና ወጣ። ምራቁን አልጠረግኩትም፤ ይገባኝ ነበር።

በሬ ወጋኝ ብሎ የዋሸሽ በማግሥቱ ነው፤ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ በአንድ ቀን ባልሽንም ወንድምሽንም እንዳታጪ ብሎ ነው። በሰው ቤት ሆና ማን ያጽናናታል ነው ያለው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለው የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሥላሴ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሐጂ አብዱልአሊምም አንዱ ሽማግሌ ናቸው። የካቲት መጨረሻ ላይ ቁሐር ሚካኤል ቅጥር ውስጥ፣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ጋሼ በላቸው እግር ሥር ወደቅኩ። ዓይኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍኗል። የካርቶኑን ነገር ያኔ ነው የተናገረው። ከባሕር ዳር ሲመለስ ኬላ ላይ ፈታሾች ሽቦ የሞላበት የብረት ሳጥን አይተው ተጠራጠሩ፤ ካርቶኑን ቀደው፣ እሱን በሰው ፊት በጥፊ መትተው፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አንበርክከውታል። ለልጁና ለአማቹ ተንበርክኬ ዋልኩ ማለት አፍሮ ነው ተቀደደ ብቻ ያለኝ። አንበሳሜም በዚያ ወር አልረገጠም። ይህን ሲናገር የማጅራቴ ድንጋይ ቀለለኝ፤ ከሱ የከበደ መጥቶብኝ ነበር።

ይቅር ብያለሁ አለ ጋሼ በላቸው። ግን ሚስቴን መዋሸት ሰልችቶኛል፣ እኔ ልነግራት ብል ደግሞ በወንድሟ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው፤ ያደረገው ሰው በእጁ ይጻፍላት፣ ፍርዱም የሷ ይሁን አለ። ሽማግሌዎቹ በዚሁ ቆረጡት። እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ ለአባ ወልደ ሥላሴ ደውለሽ አንድ ቃል ትነግሪያቸዋለሽ። ወንድም አለኝ ካልሽ ደሙ ይደርቃል፣ የኋላሸትም ከኔ ጋር ማዕድ ይቆርሳል። የለኝም ካልሽ የፎገራን ወረዳ ለቅቄ እወጣለሁ፣ በሕይወቴም ከጋሼ በላቸው ጋር በአንድ መንገድ አልሄድም። ወንጌል መትቼ ምያለሁ። እናታችን እኔን ተከትላ እንደማትወጣ ተናግራለች። ትክክል ናት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼኛው ለሱ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ፊትህን አሳየኝ ስትይው ኔትወርክ የለም እያለ ካሜራውን ሲዘጋብሽ፣ ሌላ ሴት ይዞብኛል ብለሽ ለእናታችን አልቅሰሻል። ሴት የለም እትዬ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሰአዳ ትነግረናለች፤ ከዚያ ስትደውዪለት ካሜራውን ይከፍትልሻል። ፊቱን በውሃ ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ይጠብቅሻል፤ እኔ ነኝ ቀኑን የምነግረው። ስታዪው አታልቅሺ ልልሽ አልችልም። ብቻ ያ ፊት እኔን ለማዳን ሲል ካንቺ የተደበቀ ፊት መሆኑን አውቀሽ እዪው።

እናታችን ሌት ተቀን በጸሎት አስብሻለሁ፣ ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ ታጠቢ ብላሻለች። ሐጂ አብዱልአሊም ሰላም ብለውሻል፤ ቱርኪያም እንዲሁ፣ አሁን ኮምፒውተሩን ወስዳ የምትሠራበት እሷ ናት፣ ከሥራው የሚገኘውን ለሰገን ታስቀምጣለች። አባ ወልደ ሥላሴ በስምሽ እየጸለዩ ነው። ጋሼ በላቸው ሰላምታዬን ራሴ እነግራታለሁ ብሏል። ሰገን እማዬ ናፈቅሽኝ በሏት ብላለች፤ የላከችው በእናታችን በኩል ነው፣ እኔን አታናግረኝም።

ከስሜ በፊት ወንድምሽ ብዬ መጻፍ ልማዴ ነበር። ቃልሽ እስኪመጣ ድረስ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

. . . . . . . . . ሰውመሆን

ወረታ፣ መጋቢት ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.